ሴቷን ከማበደር በፊት ምጣዷን ቁጠሩ

በሰሜን ጎንደር፣ ደባርቅም ሆነ ዳባት ላይ ስለ ሴቶች የሚጠራ ስብሰባ መጨረሻው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ብድር ነው። ጠሪው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሁን መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት፣ ንግግሩ ከማገዶ ይነሣል፣ በውኃ በኩል ያልፋል፣ በቃሬዛ የወረደችውን ወላድ ያነሣል። መፍትሔ ላይ ሲደረስ ግን «ሴቶችን በቡድን አደራጅቶ ብድር ማመቻቸት» የምትል ዐረፍተ ነገር ትመጣለች። ጭብጨባ፣ ሻይ፣ አበል። በማገዶ የተጀመረው ችግር በዶሮ እርባታ ያልቃል።

ይህን እምነት የያዙት ክፉዎች ወይም ሰነፎች አይደሉም። ብዙዎቹ የሴቶችን ሸክም በዓይናቸው ያዩ፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው እንስራ አዝለው ያደጉ ናቸው። እምነቱ ግን ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ሴቶችን በልማት ብድር ውስጥ ማካተት ማለት ሴቶችን ተበዳሪ ማድረግ ማለት ነው ይላል። ቢሮው፣ ለጋሹና ባንኩ ተስማምተው የተቀመጡበት ሐሳብ ይህ ነው፤ እኔም የምከራከረው ከዚሁ ጋር ነው።

ብድሩ ሁለት ነው። አንደኛው አገሪቱ የምትበደረው ነው፤ መንገድ፣ የኃይል መስመር፣ የውኃ ተቋም፣ የመሬት ምዝገባ የሚሠራበት። ሌላው ሴቷ በገዛ ስሟ የምትፈርመው ነው። ትልቁ ሲነደፍ የሚያስታውሳት የለም። ትንሹ ደግሞ ስላልታወሰች እንደ ካሣ ይሰጣታል፤ ካሣውንም ከነወለዱ ትመልሳለች።

እስኪ የገንዘቡን ጉዞ እንከተለው። ከአፍሪካ አገሮች ከዓለም ባንክ ቀድማ የተበደረችው ኢትዮጵያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950 የተፈረሙት ብድሮች 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ለልማት ባንክ ነበሩ። ባንኩ ስለ ሴቶች የምታማክረውን የመጀመሪያዋን ባለሙያ የሾመው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በመካከሉ ባሉት ሃያ ሰባት ዓመታት መንገዱም፣ ስልኩም፣ የእርሻ ፕሮጀክቱም ሲነደፍ የአገሪቱን ውኃና እንጨት ማን እንደሚሸከም መጠየቅ የማንም የሥራ ድርሻ አልነበረም ማለት ነው። አሁን ጠያቂ አለ። ችግሩ መልሱ ነው።

ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ የርኅራኄ ብድር ክንፍ፣ ከአይዲኤ፣ ለረጅም ዘመን ስትበደር የኖረችው በ0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በ10 ዓመት የእፎይታ ጊዜና እስከ 40 ዓመት በሚደርስ የመክፈያ ዘመን ነው። ለገጠር ብድር ተብሎ ከውጭ የሚገባው ሌላው ገንዘብም፣ ለምሳሌ ዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ (ኢፋድ) ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚደግፈው የገጠር ፋይናንስ ፕሮግራም፣ ወደ አገር የሚገባው በቀላል ሁኔታ ነው። ያው ገንዘብ በልማት ባንክና በአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት በኩል ወርዶ ከሊማሊሞ አፋፍ ጎጆ ሠርታ የምትኖር ሴት ዘንድ ሲደርስ ወለዱ ባለ ሁለት አኃዝ ይሆናል። የእፎይታ ጊዜ የሚባል ነገር ካለ በወራት ነው የሚቆጠረው። አገር አሥር ዓመት ይተነፍሳል፤ እርሷ በጓ ሳትወልድ መክፈል ትጀምራለች።

ባለሙያዎች ለዚህ መልስ አያጡም። ተራራ ለተራራ እየዞሩ ትንንሽ ብድር መስጠት ወጪው ብዙ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። የዋጋ ግሽበቱ ከወለዱ ሲበልጥ እንዲያውም ተበዳሪዋ አትራፊ ናት የሚሉም አሉ። ይህኛው ሒሳብ የተሠራው ከተማ ውስጥ ነው። ግሽበት የሚጠቅመው ዋጋው የወጣለትን ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ነው፤ እርሷ ዘይትና ጨው ገዢ ናት። የምትሸጠው ዕንቁላል ሳይበረክት ፈንግል ገብቶ ዶሮዎቹን በአንድ ሳምንት ይጨርሳቸዋል፤ ፈንግል የገደለውን ዶሮ የሚሰርዝ የብድር ውል አላጋጠመኝም።

ከወለዱ ይልቅ የሚከብደው ግን ዋስትናው ነው። የቡድን ዋስትና በወረቀት ላይ ብልህ ነገር ነው፤ መያዣ የሌላት ሴት ጎረቤቶቿን መያዣ ታደርጋለች፤ አንዷ ስትወድቅ ሌሎቹ ይከፍሉላታል። ጎረቤቶቿ እነማን ናቸው? በዕድሯ ያሉ፣ በማኅበሯ ጽዋ የሚጠጡ፣ ምጥ ሲይዛት ወገቧን የሚይዙ፣ ለቅሶ ሲገባባት ንፍሮ ቀቅለው የሚመጡ ሴቶች ናቸው። ድሃ ሴት ያላት እውነተኛ ኢንሹራንስ ይህ ነበር። ብድሩ ገብቶ ያስያዘባት ያንኑ ነው።

«ሴቶች ብድር ይመልሳሉ» የሚለው ውዳሴ ስለዚህ ብዙም አያስደስተኝም። ይመልሳሉ፤ ከምን እንደሚመልሱ የሚጠይቅ ሣጥን ግን በቅጹ ላይ የለም። ከትርፉ ሊሆን ይችላል። ከአራጣ አበዳሪ ተበድራም ሊሆን ይችላል፤ ልጇን ከትምህርት አስቀርታ ገበያ ልካም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በሪፖርቱ ላይ አንድ ቁጥር ናቸው። ስለ ቁጥጥሩም ቢሆን ከባንግላዴሽ የተማርነው አለ። አን ማሪ ጌትዝና ሪና ሴን ጉፕታ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ባንግላዴሽ በሴቶች ስም ከወጡት ብድሮች ሴቶቹ በገንዘቡ ላይ ሙሉ ወይም ጉልህ ቁጥጥር የነበራቸው በ37 በመቶው ብቻ ነበር። በቀረው ቁጥጥሩ በከፊልም ሆነ በሙሉ በባል፣ በወንድም ወይም በወንድ ልጅ እጅ ነው። ዕዳው ግን በእርሷ ስም ነው። ጥናቱ ከታተመ ከአሥር ዓመት በኋላ ለድሃ ሴቶች በማበደር የታወቀው የዚያው አገር ግራሚን ባንክ የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰደ፤ እኛ የሰማነው ሽልማቱን ነው።

ብድር ጭራሽ አይረባም አላልኩም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተነሣው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አሁን ፀደይ ባንክ የሆነው፣ ሌላ ባንክ ዝር በማይልበት ቀበሌ የቁጠባ ደብተር ያስያዘ ተቋም ነው። በዚያ ደብተር ቤት የሠሩ፣ ልጅ ያስተማሩ ሴቶች ደባርቅ ገበያ ላይ አሉ። ዓለም ባንክ በ2004 ዓ.ም. በ50 ሚሊዮን ዶላር ብድር ያስጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪዎች ፕሮጀክትም ለአንዲት ነጋዴ ለብቻዋ፣ ንግዷን ከፍ የሚያደርግ ገንዘብ መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል። ሲጀመር ግን በአዲስ አበባ፣ በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በመቀሌና በድሬዳዋ ነው የጀመረው። ለከተማ ነጋዴ ብድር ሲሰጥ ነጋዴ መሆኗ ታይቶ ነው። ለተራራዋ ሴት ግን ብድር የሚሰጣት ነጋዴ ስለሆነች ሳይሆን ሴት ስለሆነች ነው። ሴትነት ሙያ ይመስል።

ዋናው ክርክሬ ያለው ምጣዱ ላይ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ የገጠር ኤሌክትሪክ ማስፋፊያው ሲጀመር ዓለም ባንክ በብድር ከደገፋቸው ሥራዎች አንዱ ሆነ። የስኬቱ መለኪያ መስመር የገባላቸው የገጠር ከተሞች ብዛት ነበር። «ተደራሽነት» የሚባለውም ቁጥር የሚሰላው መስመሩ በደረሰበት ቦታ በሚኖረው ሕዝብ ልክ እንጂ ቆጣሪ በገባለት ቤት ልክ አልነበረም። ሽቦው በአናቷ ላይ አልፎ ሄደ፤ እርሷ ከሥሩ ኩበት ታነዳለች። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ስለ ከፍተኛ ኃይል መስመር የተነገረ እየመሰለኝ መጥቷል።

ቆጣሪ የገባላትስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ባለ 10 ዋት አምፖል ሦስት መቶ ቢበራ ነው የአንድ ምጣድን ያህል የሚወስደው። ለገጠር ቤት ፍጆታ ሲገመት ደግሞ የሚታሰበው አምፖል፣ ሬዲዮና የስልክ ቻርጅ ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ ሴቶች ለበዓል ዋዜማ እኩል ምጣድ ቢጥዱ መብራቱ ይጠፋል፤ ከዚያም «ኅብረተሰቡ ከአቅም በላይ ስለተጠቀመ» ይባላል። ከአቅም በላይ የተጠቀመ ሰው የለም። በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ትልቁን ኃይል የሚበላው ማብሰል፣ ከማብሰልም እንጀራ መጋገር መሆኑን ማንኛውም መሐንዲስ እናቱን ጠይቆ ሊያውቀው ይችል ነበር። ትራንስፎርመሩ የተመረጠው ማታ አምፖል ሥር ለሚቀመጠው ሰው ነው፤ ጠዋት ምጣድ ሥር ለምትቀመጠው አይደለም። መስመሩ ላልደረሰባቸው በልማት ባንክ በኩል በብድር የተሰራጩ የፀሐይ መብራቶች አሉ። ልጅ ያጠናባቸዋል፣ ስልክ ይሞላባቸዋል፤ ጥሩ ነው። እንጀራ አይጋገርባቸውም።

ይህ ጉድለት በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለው ሳንቃ በር ላይ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ሳንቃ በር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ ለቱሪስት የአንድ ሌሊት ጨዋታ፣ ለነዋሪው የዓመት ኑሮ ነው። በዚያ ከፍታ ማገዶ የሚሆነው አስታ፣ ለክዳንና ለከብት የሚሆነው ጓሳ ነው፤ ሁለቱም በፓርኩ ክልል ውስጥ ናቸው። ፓርኩ አትንኩ ሲል ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በሌላ በየትም ዓለም የማይገኘው ዋልያ የሚኖርበት ምድር ነው። ስለዚህ ማገዶ ለቃሚዋ ሴት ሕግ ተላላፊ ትሆናለች፤ ይዟት የሚመጣውም ጥበቃ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ እርሱም ማታ እቤቱ ገብቶ እሳት ይሞቃል። ያ እሳት ከየት መጣ ብሎ ቤቱን የሚመረምር የለም።

ማገዶው ሲከለከል ኩበት ይነዳል። ኩበት ሲነድ የገብሱ ማሳ ፍግ ያጣል። ማሳው ሲደክም ማዳበሪያ ግድ ይሆናል፤ ማዳበሪያው ደግሞ በብድር ይመጣል። አገር በ40 ዓመት በሚከፈል ብድር መስመር ሲያስዘረጋ የረሳው ምጣድ፣ ዞሮ ዞሮ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ዕዳ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ ባለሙያው ይመጣና ይህችን ሴት «የብድር አቅርቦት እጥረት አለባት» ብሎ ይመዘግባታል።

ምጣድን የቆጠረ ሰው ጭራሽ አልነበረም ማለት አይደለም። በ1980ዎቹ፣ በዓለም ባንክ በተደገፈ የማገዶ ቁጠባ ፕሮጀክት ውስጥ፣ ምርጥ የሚባለው ምድጃ ተነደፈ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ያን ምድጃ የነደፉት ሰዎች ሴቷን ሥራ ፈጣሪ ሁኚ አላሏትም፤ በቡድን ተደራጂም አላሏትም። ምን እንደምትጋግር፣ በምን እንደምትጋግር ጠየቁ፤ ለኩ። ሴቶችን ማካተት ማለት በእኔ አስተያየት ይኼ ነው፤ ይህ በኪሎ ዋት፣ በሊትርና በሜትር ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው።

መንገዱም ያው ነው። የመንገድ አዋጭነት ጥናት የሚቆጥረው ተሽከርካሪ ነው፤ በጀርባ የሚጓዝ እንጨትና ውኃ ጭነት ተብሎ አይመዘገብም። ከደባርቅ በሳንቃ በር በኩል ወደ ጃናሞራ የሚዘልቀው መንገድ ያመጣውን ሥራ ተመልከቱ፤ አስጎብኚው፣ ባለ መሣሪያው ጥበቃ፣ ባለ በቅሎው አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ መንገድ ዳር የስፌት ሙዳይ ይዘው ይቆማሉ፤ መኪናው ቆሞ አይገዛም፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ይቸኩላል። ለእነርሱስ ምን ታሰበ ብትሉ፣ የስፌት ሥራ ብድር።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመዘዝ መልስ አለ፤ «ባህሉ ነው»። ፕሮጀክቱማ ክፍት ነው፣ ሴቶቹ የማይመጡት በባህል ተይዘው ነው ይባላል። ይህ መልስ የምቾት መልስ ነው፤ ጥፋቱን ከቢሮ አውጥቶ ተራራ ላይ ይሰቅለዋል። ማስረጃውም ይቃወመዋል።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር መሬት ሲመዘገብ የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም እኩል እንዲሰፍር፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ተደረገ። አዋጅ ቁጥር 133/1998ም ይህንኑ መብት አጸና። መሬት ለዘመናት በአባት ስም በሚጠራበት በዚሁ በሰሜኑ አገር ነው ይህ የሆነው። ባህሉን ለመለወጥ ማንም አልሰበከም። ቅጹ ላይ ሁለት የፎቶ ቦታ ተሠራ፤ አንዱ ባዶ ከሆነ ደብተሩ አይሰጥም፤ ባልየው ሚስቱን ይዞ መጣ። አለቀ። ፎቶው ሁሉን አልፈታም፤ በፍቺ ጊዜ ድርሻዋን ለማግኘት ዛሬም በሽማግሌና በፍርድ ቤት ደጃፍ የምትንከራተት አለች። ሆኖም ደብተር ሳይኖራት ከምትንከራተት ይዛ ብትንከራተት ይሻላታል።

በሕዝብ ሥራ ለሚሳተፉ ድሆች ክፍያ የሚሰጠው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ሌላ ምስክር ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ነፍሰ ጡር ድንጋይ ከመሸከም ወጥታ ቀጥተኛ ድጋፍ እንድታገኝ በመመሪያው ጻፈ፤ በኋላም ሕፃኑ ዓመት እስኪሞላው አራዘመው፤ ለሴቶች የሚሰጠውም የሥራ ጫና ከወንዶቹ በግማሽ እንዲያንስ ደነገገ። በየቀበሌው በትክክል ተሠራበት ወይ? ሁሉም ቦታ አልተሠራበትም። ግን መመሪያው ላይ ስላለ ያልሠራበትን ሠራተኛ መጠየቅ ይቻላል። በፊንላንድ ርዳታ በክልሉ የተሠሩት የገጠር ውኃ ተቋማትም እንዲሁ፤ ከውኃ ኮሚቴው አባላት ግማሹ ሴቶች እንዲሆኑ ደንቡ ያዛል፤ የግንባታው ገንዘብም የሚደርሰው በዚያው በብድርና ቁጠባ ተቋሙ በኩል ነበር። ተቋሙ ያው፣ ቀበሌው ያው፣ ሴቷም ያችው። በአንዱ በኩል ባለዕዳ፣ በሌላው በኩል የውኃ ገንዘብ ያዥ። የለየው ባህል አይደለም፤ የፕሮጀክቱ ንድፍ ነው።

ንድፍ ስል ግን ስም መጻፍ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ እዚህ ላይ ከጋምቢያ መማር አለብን። እ.ኤ.አ. በ1984 በኢፋድ መሪነት በጃሃሊና ፓቻር የተጀመረው የሩዝ መስኖ ፕሮጀክት ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ሐሳብ ነበረው። በጋምቢያ የረግረግ ሩዝ የሴቶች ሰብል ነው፤ ስለዚህ በመስኖ የለማው መሬት በሴቶች ስም እንዲመዘገብ ተደረገ። መሬቱ ለምቶ በዓመት ሁለቴ ማምረት ሲጀምር ግን የቤተሰቡ የጋራ መሬት ነው ተባለ፤ የጋራው መሬት አዛዥ ደግሞ አባወራው ነው። ሴቶቹ ስማቸው በመዝገቡ ላይ እያለ በራሳቸው ማሳ ላይ ጉልበት ሠራተኛ ሆኑ። ዋጋ ያወጣ ነገር ባለቤቱን ይለውጣል፤ ጥበቃው እስከ ምርቱ ሽያጭ ድረስ ካልተጻፈ ስሟ ጌጥ ነው። የእኛ ባለሙያዎች «የሴቶች ተሳትፎ» ብለው በመቶኛ የሚያሰፍሩት ቁጥር አብዛኛው የዚህ ዓይነት ጌጥ ነው፤ ስብሰባ ላይ የተቀመጠች ሴት ሁሉ ተቆጥራለች፣ የተናገረችው አልተጻፈም።

በፕሮጀክት ሰነዶቻችን ውስጥ ሴት በሁለት መልክ ብቻ ትታያለች። አንድም ተበዳሪ ናት፣ አንድም ተጎጂ ናት። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ዳባት ደርሶ ጭና ላይ ያን ሁሉ ሰው ከጨረሰ፣ ደባርቅም በተፈናቃይ ከተጥለቀለቀች በኋላ፣ ዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በግጭት ለተጎዱ አካባቢዎች የ300 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አጸደቀ። በውስጡም ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የሚሆን አገልግሎት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ገባ። ተገቢ ነው፣ የዘገየም ነው። ግን አንዲት ሴት ለባንክ ሰነድ እንድትበቃ መደፈር አለባት? የኤሌክትሪክ ደንበኛ፣ የመንገድ ተጠቃሚ፣ የመሬት ባለይዞታ ሆና በዋናው ምዕራፍ ውስጥ የምትጻፍበት ቀን መቼ ነው?

የመጨረሻው መከራከሪያ ወጪ ነው። ምጣድ የሚችል ትራንስፎርመር ውድ ነው፤ አገሪቱ ደግሞ ባለዕዳ ናት፤ ብድሩን በቁጠባ መጠቀም አለባት ይባላል። የአገሪቱን ዕዳ ማን ነው የሚከፍለው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተወሰደው የመንገድና የኃይል ብድር ሁሉ በብር ሲሰላ በዚያው ልክ አበጠ። ዕዳው የሚከፈለው ከግብር ነው፤ ከነዳጅ፣ ከዘይት፣ ከሳሙና ላይ የሚነሣ ግብር። የጃናሞራዋ ሴት ወፍጮ ቤት ስትሄድ የናፍጣውን ዋጋ በእህሏ ትከፍላለች። ስለዚህ ከልማት ብድር ውጭ የቀረች ሴት የለችም። ሁሉም ባለዕዳ ናቸው፤ ያልደረሳቸው ንብረቱ ነው። ለትልቁ ብድር እየከፈለች፣ ትልቁ ብድር ለዘለላት ነገር ትንሽ ብድር ውሰጂ ስትባል ለአንድ ጉድለት ሁለት ጊዜ ትከፍላለች። ውድ የሆነው ይህ ነው።

ደግሞም አበዳሪዎችና መንግሥት ከፈለጉ ንድፍ መለወጥ እንደሚችሉ ሳንቃ በር ራሱ ምስክር ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲገባ፣ ከመዝገቡ ለመውጣት የተጠየቀው ቀላል አልነበረም። በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው ዋና መንገድ ወደ ውጭ እንዲዞር፣ ወሰኑ እንዲሰፋ፣ ግጦሹ እንዲቀንስ፣ በግጭ መንደር ያለው ሕዝብ እንዲነሣ ተጠየቀ። ወሰኑ ሰፋ። ተለዋጭ መንገድ ሥራ ተጀመረ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች ካሣ ይዘው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በገብስ፣ በወተትና በሱፍ ቤት ያስተዳድሩ የነበሩ ሴቶች ሁሉን በብር የሚገዙ የከተማ ዳር ነዋሪዎች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዋልያ ሲባል መንገድ ሲዞር አንድም ባለሙያ ባህሉ ነው፣ ውድ ነው፣ ዋልያዎቹ በቡድን ይደራጁ አላለም። ዋልያ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ተጠና፣ በሜትርና በሄክታር ተጻፈ፣ ካልተፈጸመ ቅጣቱ ታወቀ፣ ተፈጸመ። ሥራው እንዲህ ነው የሚሠራው፤ እንዲያ መሥራት እንደሚችሉም አሳይተዋል።

ለሰሜን ጎንደር የሚመጣው ቀጣዩ የኃይል ብድር ውል ላይ ክፍያው የሚለቀቀው በተተከለ ምሰሶ ሳይሆን እንጀራ በሚጋግር ቆጣሪ ብዛት ይሁን። የትራንስፎርመሩ መጠን በዓል ዋዜማ ጠዋት በሚጣደው ምጣድ ይሰላ። የቆጣሪ ማስገቢያው ክፍያ ከዋናው ብድር ይሸፈን፣ ለእማወራዎች በመጀመሪያው ዙር። የመንገድ ጥናቱ የቅዳሜ ገበያ መንገደኛን ከነሸክሙ ይቁጠር። ዶሮ ማርባት የምትፈልግ ሴት ካለች ብድሩን ትጠይቅ፤ መብቷ ነው፤ ለዚያ ሴት መሆኗን የሚጠይቅ ቅጽ አያስፈልግም።